በጎን የተሣለችው ተማሪ

አንድ ሠዓሊ ነበረ። የሠዓሊ ልጅ ነው። አባቱ በገጠር የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሲሥሉ ያረጁ ሰው ናቸው፤ ልጁ ደግሞ ከተማ ገብቶ በኮምፒውተር የሚንቀሳቀስ ሥዕል መሥራት ተማረ።

ቁጭ በይ፣ አዜብ። እንባሽንም ጥረጊ። ጥያቄሽን ሰምቻለሁ። ለምታስተምሪያቸው ሕፃናት እጃቸውን ሲታጠቡ ጣታቸውን እየቆጠሩ እንዲዘምሩት ያወጣሽላቸውን ዜማ አገር ሁሉ ቃሉን እየለወጠ ይቀልድበታል። የታክሲ ረዳት መንገደኛ ይጠራበታል፤ ሰርግ ቤት ይጨፈርበታል። አንቺም «የኔታ፣ ከኢንተርኔቱ ከያለበት አስወርጄ ላጥፋው ወይስ እንዳልሰማ ልሁን?» ብለሽ መጣሽ። መልሱን በአንድ ቃል ብነግርሽ ነገ ትረሺዋለሽ፤ ፊደልም ሳስቆጥርሽ እንዲሁ ነበርሽ። ስለዚህ የሠዓሊውን ነገር ስሚኝ። መሐል ላይ ግን አታቋርጪኝ፤ ሲያቋርጡኝ የት እንደደረስኩ ይጠፋኛል።

አባትየው ልጃቸውን በሕፃንነቱ ሁለት ነገር አስተምረውት ነበር። አንደኛው ስለ ዓይን ነው። ቅዱሳን ፊት ለፊት ይሣላሉ፤ ሁለቱም ዓይኖቻቸው ይታያሉ። ይሁዳ ግን በጎን ይሣላል። ሰይጣንም፣ ሰማዕቱን የሚገርፈው ወታደርም እንደዚያው ናቸው፤ የሚሰጣቸው አንድ ዓይን ብቻ ነው። ፊቱን ከእግዚአብሔር ያዞረ ሰው ፊቱ ሙሉ ሆኖ አይሣልም። ይህን አንቺም በልጅነትሽ ቤተ ክርስቲያን ገብተሽ አይተሻል፤ ልብ ብለሽ እንደሆነ እንጃ።

ሁለተኛው ስለ ግርጌ ነው። ከሥዕሉ ግርጌ ሥዕሉን ያሣለው ሰው ይሣላል፤ ትንሽ ሆኖ፣ ተደፍቶ ወይም እጁን ዘርግቶ። ቀለሙን የገዛው፣ ሠዓሊውን ቀለብ የሰፈረለት እርሱ ነውና። ሠዓሊው ግን ራሱን አይሥልም። ልጁ ሁለቱንም ሰምቶ አደገ፤ ከተማ ሲገባም ሁለቱንም ረሳቸው።

በከተማው አንድ የሙዚቃ ሰው ነበረ። ተማሪዎች ሲያጠኑ የሚያዳምጡት ሙዚቃ በኢንተርኔት ያሰማል። ክራርና ዋሽንት ነው፣ ከበሮውም ዝግ ያለ፤ ቃል የለውም፤ ሌሊትና ቀን አይቋረጥም። ይህ ሰው ወደ ሠዓሊው መጥቶ «ሙዚቃዬ ፊት የለውም፤ ፊት ሥራልኝ» አለው።

ሠዓሊው አንዲት ተማሪ ሣለ። ጠረጴዛ ላይ ደብተሯን ዘርግታ፣ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ አድርጋ ትጽፋለች። በመስኮቱ የጎረቤት ቆርቆሮ ይታያል፤ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ይወርዳል። መስኮቱ ላይ የተሰጣው የትምህርት ቤት ሹራቧ ሊደርቅ አልቻለምና ቀስ እያለ ይወዛወዛል። ልጅቱ ትጽፋለች፣ እስክሪቢቶዋን ታነሳለች፣ ታስባለች፣ ደግሞ ትጽፋለች፤ ያው እየተመለሰ ይሄዳል። ሹሩባዋን አንድ በአንድ ነው የሣለው፤ ክረምቱ አለቀበት። የሣላትም በጎን ነው። የምታጠና ልጅ ደብተሯን እንጂ እኛን አታይም ብሎ ነው፤ ልክ ነበረ።

ልጅቱንም ወደዳት። ወልዶ ያሳደጋት ያህል ይሳሳላት ነበር።

ተማሪዎቹም ወደዷት። ብቻውን ለሚያጠና ሰው አብራው የምታጠና ሰው ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። አንዳንዱ ደብተሩን ከመክፈቱ በፊት «እንደምን አመሸሽ» ይላት ነበር አሉ።

ከዚያ አባትየው በጎረቤት ስልክ ሥዕሉን አዩትና ደወሉ። «ልጄ፣ ሥራህን አየሁት፤ እጅህ ይባረክ። ግን ይቺ ልጅ ምን በድላ ነው አንድ ዓይን የሰጠሃት?» አሉት።

ሠዓሊው ሳቀ። ለሙዚቃው ሰው ነገረው፤ እርሱም ሳቀና ከሥዕሉ ሥር ጻፈው፦ «የሠዓሊው አባት ይጠይቃሉ፤ ይቺ ልጅ ምን በድላ ነው?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በማግስቱ ሰው ሁሉ መላሽ ሆነ። «እያጠናሁ ነው ብላ እናቷን ዋሽታ ነው» አለ አንዱ። «የእህቷን ራት በልታ ነው» አለች ሌላዋ። «ደብተሬን ተውሳ አልመለሰችም፤ እኔ ምስክር ነኝ» አለ ሦስተኛው። ቀጥሎም ወደ ሥዕሉ ወደ ራሱ እጃቸውን ሰደዱ። አንዲት ጉሊት ሻጭ ከጠረጴዛዋ አንስታ ጉሊት አስቀመጠቻት፤ ከቲማቲሙ ኋላ ሆና አሁንም ትጽፋለች። አንድ የጋራዥ ልጅ ወስዶ መኪና ሥር አስተኛት፤ እዚያም ትጽፋለች። ወጥ የምትጠብቅ ሌላዋ ያልታየውን ዓይኗን ሣለች፤ ወጡ እንዳያርርባት ድስቱ ላይ አፍጥጧል። እንዲህ እንዲህ እያለ በአገሩ ውስጥ ሰው ባጠፋ ቁጥር፣ መምህር ተማሪ ሲቆጣ፣ ሚስት ባሏን ስታኮርፍ «ምን በድላ ነው?» ማለት መጣ። ሚም ይሉታል፤ ስሙን ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ፣ ዛሬ ልታለቅሺበት።

ሠዓሊው መጀመሪያ አብሮ ሳቀ። በኋላ ግን ሳቁ አለቀበት። ጥቂቶቹን አየና ሌሎቹን ማየት ተወ። «ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል» አለ። አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ አጠገቡ ያለች ተማሪ በስልኳ ሥዕሉን እያየች ስትስቅ ተመለከተ። «እኔ ነኝ የሣልኳት» ሊላት አፉን ከፈተና አፈረ። በገዛ ልጁ አፈረ። ያኔ ቆረጠለት።

ለሙዚቃው ሰው «አወርዳታለሁ። እሑድ ሌላ ሥዬ አመጣልሃለሁ፤ ማንም የማይስቅባትን» አለው።

«ኧረ ተው ወንድሜ» አለ የሙዚቃው ሰው። «ፈተና ደርሷል፤ ልጆቹ ለምደዋታል። አሁን ብታነሳት ቤታቸው ገብተህ ጓደኛቸውን እንደወሰድክባቸው ነው።»

«ልጄ ናት፤ ስትዋረድ ቆሜ አላይም።»

ሥዕሉ የሠዓሊው ነበርና የሙዚቃው ሰው «እንዳልክ» ብሎ ተወው።

ሠዓሊው አዲሲቱን ሣላት። ሁለት ዓይን አላት፤ ፊት ለፊት ትመለከታለች፤ ጀርባዋ ቀጥ ያለ ነው። አንድ እንከን የማይወጣላት ልጅ ናት። ታጠናለች ብሎ የሚያምን ግን የለም፤ ለመታወቂያ ፎቶ የተቀመጠች ነው የምትመስለው።

በዚያው ሰሞን አባትየው ዓይናቸውን ሊታከሙ ከተማ መጡ። ሞራ ጋርዷቸው ነበር። ሐኪሙ ያንደኛውን ዓይን ሞራ ገፈፈላቸውና በፋሻ ሸፈነው፤ እሳቸውም በአንድ ዓይን እያዩ ልጃቸው ቤት አረፉ። መስታወት ባገኙ ቁጥር «ጉድ ፈላ፤ በስተርጅና ይሁዳ ሆኜ አረፍኩት!» እያሉ ይስቁ ነበር። የሚያስቅ ሽማግሌ ነበሩ። እኔን የማይመስሉ ናቸው።

ቅዳሜ ዕለት ልጃቸው ጠረጴዛ አጠገብ ቆመው አዲሲቱን አዩዋት።

«ይህችስ የማን ናት?»

«በዚያችኛዋ ቦታ ነገ የምትገባዋ ናት፣ አባዬ። ያችኛዋንማ አዋረዷት።»

«አዋረዷት? እስቲ አሳየኝ።»

«ምን ያደርግልዎታል?»

«አሳየኝ አልኩህ። የጀመርኩት እኔ አይደለሁ?»

ሠዓሊው እየከፋው አንድ በአንድ ይከፍትላቸው ጀመር። አባትየው ወጡ ላይ ያፈጠጠውን ዓይን ሲያዩ ፋሻቸውን በእጃቸው ደግፈው ሳቁ። «ሐኪሙ አትሳቅ ብሎኛል፣ ቀስ አድርገህ አሳየኝ» አሉ። ጉሊቷን አይተው «ይህች ጎበዝ ናት፤ ቲማቲሙንም ደብተሩንም አልለቀቀች» አሉ። ልጅየው መሳቅ ባይፈልግም ከንፈሩ አልታዘዝ አለው። ጥቂት እንደቆዩ ግን አባትየው እጃቸውን አነሱና «እዚህ ላይ ቆይ» አሉ።

ሥዕሉ በደብተር ወረቀት ላይ በእስክሪቢቶ ተሥሎ በስልክ ፎቶ የተነሣ ነው። የተማረ እጅ የሣለው አይደለም። ግን ያው ጠረጴዛ ነው፣ ያው ሹራብ፣ ያው ሹሩባ። የሣለችው ልጅ ጠረጴዛውን ዞራ ከወዲያኛው ወገን ቆማለች፤ ተማሪዋን ሰው አይቶት በማያውቀው ጎኗ በኩል ነው የሣለቻት። በዚያ በኩል ያለው ዓይን የለም። ሽፋሽፍቱ ገጥሞ የደረቀ ነው።

ከሥሩ እንዲህ ብላ ነበር፦ «ምንም አልበደለችም፣ አባባ። ይሄ በሕፃንነቴ ታምሜ የጠፋ ዓይኔ ነው። ክፍል ውስጥም ሆነ ፎቶ ስነሣ ሁልጊዜ በደህናው በኩል ዞሬ ነው የምቀመጠው። ይቺን ልጅ ሳያት እንደኔ ዞራ ተቀምጣለች። ከእሷ ጋር ሳጠና አላፍርም። ሠዓሊው ስለሣለኝ አመሰግናለሁ።»

ከእርሷ ሥር ደግሞ ሰዎች ጽፈውላታል። «ምንም አልበደልሽም።» «ምንም አልበደልሽም፣ እህቴ።» «ምንም።» ወደ ታች ማለቂያ የለውም። የጻፉት እነማን ናቸው? እነዚያው ሲቀልዱ የከረሙት ናቸው። እናቷን ዋሽታለች ያለው፣ የእህቷን ራት በልታለች ያለችው፣ ለደብተሩ እኔ ምስክር ነኝ ያለው።

ሠዓሊው አንብቦ ሲጨርስ የተጻፈበትን ቀን አየ። ይህ ነገር እዚያ ሲቀመጥ ሰንብቷል፤ እርሱ ነበር ያላየው።

አባትየው ደግመው አነበቡት። ሐኪሙ ማልቀስንም ከልክሏቸው ነበር፤ ያን ግን አልሰሙትም። ቀጥለው እንዲህ አሉ፦ «ስንት ይሁዳ ሥያለሁ። ሕጉ ፊቱን ያዞረውን ሰው ለማሳወቅ ነው፤ ዓይን ያጣን ሰው ለማሳፈር አይደለም። ይህን ለዚህች ልጅ የነገራት ሰው አልነበረም። እኔ ሳላውቅ ጠየቅኋት፤ አንተ ሳታውቅ ሣልካት። እነዚህ ቀልደኞች ባይኖሩ ጥያቄዬ እርሷ ጋ በምን ይደርስ ነበር? እርሷስ በየት በኩል ትመልስልኝ ነበር?»

«ታዲያ አላውርዳት ነው የሚሉኝ?»

«እኔ የምልህ ግርጌው ባዶ ነው ነው።»

«ምን አሉ?»

«የሥዕልህ ግርጌ ባዶ ነው! አስተምሬህ ነበር፤ ረስተኸዋል። ከሥዕል ግርጌ ያሣለው ሰው ይሣላል። ይቺን ልጅ ማን ነው ያሣላት?»

«የሙዚቃው ሰው።»

«እርሱ አንድ ቀን አሣላት። እነዚህ ግን በየቀኑ ያሥሏታል። ካንተ እጅ ወጥታ እንዳትሞት ቀለብ የሚሰፍሩላት እነሱ ናቸው። አንተ ግን ለጋሾችህን አዋራጅ አልካቸው።»

ሠዓሊው ተቀመጠ። ሁለት ዓይን ያላትን ልጅ አጠፋት። በጎን የተሣለችውን ከፈተና ከጠረጴዛዋ እግር በታች ባዶ የነበረውን ወለል ጠረገ። እዚያ ላይ፣ አባቱ በየቤተ ክርስቲያኑ ይሥሉት እንደነበረው አድርጎ፣ ትንንሽ ሰዎችን ሣለ። ጉሊት ሻጯን ከነቲማቲሟ፣ የጋራዡን ልጅ ከነቅባቱ፣ ወጥ ጠባቂዋን፣ ዋሽታለች ያለውን፣ ራት በልታለች ያለችውን፣ ምስክሩንም ጭምር። ሁሉም እጃቸውን ዘርግተዋል፤ ምስክሩ ትንሽ ይስቃል።

ያቺን በእስክሪቢቶ የሣለችውን ልጅ ሊጀምር ሲል አባትየው «እርሷን ለእኔ ተዋት» አሉ።

የኮምፒውተሩን ብዕር ተቀበሉና ቀለም የሚነክሩበት ፈለጉ። እንደማያስፈልግ ነገራቸው። «ምን ዓይነት ሥራ ነው ይሄ፣ እጅ የማያቆሽሽ!» ብለው ተቆጡ። ከዚያ በዚያች በአንዲት ዓይናቸው እያዩ፣ ልጅቱን ሣሏት። ፊት ለፊት ሣሏት። እንደ ጻድቃን ፊቷን ሙሉ አድርገው፣ አንደኛውን ዓይኗን ከፍተው፣ የጠፋውንም እንዳለ ትተው። ምንም አልደበቁም።

እሑድ ሲሆን አዲሲቱን ልጅ የጠበቀ ሰው ሁሉ የድሮዋን አገኘ። ከግርጌዋ ግን ራሱን አገኘ። ያን ቀን ብዙ ያጠና ሰው ያለ አይመስለኝም። «ይህ እኔ ነኝ!» የሚለው አንድ ወገን፣ «እኔን ለምን ረሳኸኝ?» የሚለው ሌላ ወገን። ሠዓሊውም አልኮራባቸውም፤ በየሳምንቱ ይጨምርላቸው ጀመር። ያቺ ልጅ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ጻፈች። «ፊት ለፊት!» አለች። ማን እንደሆነች፣ የየት አገር ልጅ እንደሆነች እስከ ዛሬ አይታወቅም።

ሌላ ቀን ሠዓሊው ታክሲ ውስጥ ከአንዲት ተማሪ አጠገብ ተቀመጠ፤ በስልኳ የምታየው ያችኑ ሥዕል ነው። አሁን አላፈረም። «እኔ ነኝ የሣልኳት» አላት።

ተማሪዋ ከላይ እስከ ታች አየችውና «ሂድ ወዲያ! እሷን ያልሣለ ማን አለ?» አለችው።

ሠዓሊው መውረጃው ሳይደርስ እየሳቀ ወረደ። ቀሪውን መንገድ በእግሩ ሄደ፤ እስከ ቤቱ ድረስም እግዚአብሔርን ሲያመሰግን ሄደ።

ተረቱ አለቀ፤ አሁን ወዳንቺ ልዙር። አዜብ፣ ሠዓሊው አንቺ ነሽ። በጎን የተሣለችው ልጅ ዜማሽ ናት። የታክሲው ረዳት፣ የሰርጉ አስጨፋሪ፣ ቃሉን ለዋውጠው የሚስቁት ሁሉ ከግርጌ የሚሣሉት ናቸው። አንቺ እንደ ሠዓሊው ጥቂት ሰምተሽ ተናደድሽ፤ የቀረውን ሳትሰሚ ልታጠፊው መጣሽ። የትኛውን ነው እስከ መጨረሻው የሰማሽው? ንገሪኝ እስቲ። አንዱንም አልሰማሽም። እንግዲያስ እኔ የሰማሁትን ልንገርሽ።

ግድግዳ የምንጋራትን ጎረቤቴን ወይዘሮ አምሳለን ታውቂያታለሽ። እናቷ ከተኙ ቆይተዋል፤ ግራ ጎናቸው አይታዘዝም፤ ሰው ሲነካቸው ይቆጣሉ፤ ልጃቸው ሆና እንኳ አታጥቢኝ ይሏታል። ባለፈው ሳምንት ውሃ ሲንቆረቆር ሰማሁ፤ ቀጥሎ ዜማ ሰማሁ። ያንቺ ዜማ ነው። ቃሉን ግን ለውጣዋለች። በሕፃናቱ ጣት ፋንታ የእናቷን ጣት እየቆጠረች፣ ለእያንዳንዱ ጣት እየቀለደችበት፣ ይሄኛው በልጅነቴ የቆነጠጠኝ ነው እያለች ታጥባቸዋለች። እናትየዋም ይስቃሉ። አዜብ፣ እኔ የእኚያን ሴት ሳቅ የሰማሁት ከታመሙ ወዲህ ያን ቀን ነው። ግድግዳውን ተደግፌ እስኪያልቅ ሰማሁ፤ አንቺንም መረቅሁሽ፤ ልጅ ሆነሽ የበጠበጥሽኝን ሁሉ ያን ቀን ማርኩሽ።

ላጥፋው ካልሽ ዜማው ያንቺ ነው፤ የሚከለክልሽ የለም። ግን ስታጠፊው ረዳቱንና አስጨፋሪውን ብቻ አይደለም የምታጠፊው። ወይዘሮ አምሳለም እዚያው ግርጌ ላይ ናት፤ የእናቷን እጅ ይዛ።

አሁን ተነሺ፤ ሕፃናቱ ይጠብቁሻል። ስትወጪ የወይዘሮ አምሳለን በር አንኳኪና ዜማውን እርሷ እንደምትለው አድርጋ እንድታስተምርሽ ለምኛት። ሂጂ ልጄ፤ ግርጌሽ ይስፋልሽ።